ሦስት ጥግ የነበረው ክፍልና አንድ አሮጌ መጽሐፍ

በደሴ ከተማ በሚገኝ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ ማስተማር ከጀመርሁ አሥራ አራት ዓመት አልፎኛል። እዚህ የምጽፈው በ2015 የትምህርት ዘመን ከአንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ጋር ያሳለፍሁትን ነው። ተመሳሳይ ክፍል ፊት ቆመው ከየት ልጀምር ለሚሉ መምህራን ይጠቅም ይሆናል ብዬ አምናለሁ። የትምህርት ቤቱንም ሆነ የልጆቹን ስም አልጠቅስም፤ ከጻፉትና ከተናገሩት ውስጥ የማቀርበውም ፈቅደው የሰጡኝን ብቻ ነው።

ክፍሉ 63 ተማሪዎች ነበሩበት፤ በመጀመሪያው ሳምንት ያየሁት ግን አንድ ክፍል ሳይሆን ሦስት ጥግ ነው። በመስኮቱ በኩል ያሉትን ወንበሮች ከፒያሳ፣ ከአራዳና ከሰኞ ገበያ አካባቢ የሚመጡት የከተማው ልጆች ይዘዋቸዋል። በግድግዳው በኩል ከኩታበር፣ ከተንታና ከአምባሰል ገጠር የመጡ፣ በሦስትና በአራት ሆነው አንዲት ጠባብ ክፍል የተከራዩ፣ በየሁለት ሳምንቱ ስንቃቸውን ከቤተሰባቸው የሚያመጡ ልጆች ተቀምጠዋል። ከኋላ ደግሞ ከወለጋ ተፈናቅለው በመጠለያ ወይም ዘመድ ተጠግተው የሚኖሩ ዘጠኝ ልጆች አሉ። ሃይማኖት በዚህ አከፋፈል ውስጥ ቦታ አልነበረውም፤ በሦስቱም ጥግ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አንድ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። የለያያቸው ጦርነቱ ከተማዋ በገባ ጊዜ ማን ሸሸ፣ ማን ቀረ፣ ማን ቤት አለው፣ ማን የለውም የሚለው ነበር። የከተማዎቹ የገጠሮቹን «ስንቅ» እያሉ ይጠሯቸዋል፤ ሁለቱም የኋላዎቹን «ካምፕ» ይሏቸዋል። በእረፍት ሰዓት እንኳ ከሦስት የተለያዩ ዛፎች ሥር ነበር የሚቆሙት።

በመጀመሪያው ወር እያንዳንዳቸውን ለብቻ እየጠራሁ አንድ አንቀጽ አስነበብኋቸው። አሥራ ሰባቱ ፊደል በፊደል እየለቀሙ ካልሆነ በቀር ማንበብ አይችሉም፤ የአንቀጹ መጨረሻ ላይ ሲደርሱ መጀመሪያው ጠፍቷቸዋል። ልጆቹን መውቀስ ግን አይገባም። በመጋቢት 2012 ትምህርት ቤቶች በኮሮና ምክንያት ሲዘጉ ስድስተኛ ክፍል ነበሩ፤ ሰባተኛን በፈረቃ ተማሩ፤ ስምንተኛን በጦርነት መካከል አለፉት። ዘጠነኛ ክፍል የደረሱት በእድሜያቸው እንጂ በትምህርታቸው አልነበረም። ማንበብ የማይችል የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ደግሞ አለመቻሉን ለመሸፈን የማያደርገው ነገር የለም፤ ይረብሻል፣ ይቀራል፣ ደብተሬ ጠፋ ይላል፣ ተራው ሲደርስ ይታመማል።

የመጀመሪያው ሙከራዬ ከሸፈ። የከሸፈበትን ምክንያት በደንብ ማስረዳት እፈልጋለሁ፤ ብዙ መምህራን በቅን ልብ የሚጀምሩት ከዚያው ይመስለኛልና። ተማሪን የሚስበው ሕይወቱን የሚመስል ጽሑፍ ነው ሲባል በሰማሁት መሠረት፣ በጥቅምት 2015 ጦርነቱ ደሴ የገባበት አንደኛ ዓመት ሲቃረብ፣ ስለዚያው ሰሞን እኔው ራሴ የጻፍሁትን የሦስት ገጽ ትረካ ይዤ ገባሁ። ከዚህ የበለጠ የእነርሱን ሕይወት የሚመስል ምን ይገኛል ብዬ ነበር። ሁለተኛው ገጽ ላይ ስደርስ በግድግዳው በኩል የተቀመጠ ልጅ ተነሣና፣ «ቲቸር፣ በመኪና የሸሹት ያላቸው ናቸው፤ እኛ እናታችንን በቃሬዛ ይዘን በእግራችን ነው የሄድነው» አለ። ከመስኮቱ በኩል አንዲት ልጅ፣ «እኛ ስንመለስ ቤታችን ባዶ ነበር፤ ማን እንደወሰደውም እናውቃለን» ስትል መለሰችለት። ከዚያ በኋላ የሆነውን መቆጣጠር አልቻልሁም። ከኋላ ካሉት አንዷ ጭንቅላቷን ዴስኩ ላይ ደፍታ ደወሉ እስኪደወል አላነሣችም፤ ሦስት ቀንም ከትምህርት ቤት ቀረች።

ያን ሰሞን ሌሊት ሌሊት ሳስበው የከረምሁት ይህንኑ ነበር። ጽሑፉ እጅግ ከመቅረቡ የተነሣ ትረካ መሆኑ ቀርቶ እንደ ክስ ተሰማ፤ ክስ ከሆነ ደግሞ እያንዳንዱ ልጅ ለወገኑ ምስክር ሊሆን ይነሣል። ስለዚህ የሚያስፈልገኝ፣ ስሜቱ ለልጆቹ ቅርብ የሆነ፣ አገሩና ሰዎቹ ግን ሩቅ የሆኑ ታሪክ ነው ብዬ ወሰንሁ። ከዚህ ሁሉ ያገኘሁት ትልቁ ነገር ይኸው ነው፤ ቀሪው የዚህ ዝርዝር ነው።

በዚያው ሰሞን እንግሊዝኛ የሚያስተምር ባልደረባዬ በአሜሪካ ካሊፎርኒያ፣ ሎንግ ቢች በምትባል ከተማ ስላስተማረች ኤሪን ግሩዌል ስለምትባል መምህርት ነገረኝ። ይህች መምህርት በ1994 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ማስተማር ስትጀምር የገጠማት በዘርና በሰፈር ቡድን የተከፋፈለ፣ ሌሎች ተስፋ የቆረጡበት ክፍል ነበር። የአና ፍራንክንና በሳራዬቮ ጦርነት ውስጥ ያደገችውን የዝላታ ፊሊፖቪችን ማስታወሻዎች አስነበበቻቸው፤ ቀጥሎም የራሳቸውን ማስታወሻ አስጻፈቻቸው፤ የ150ዎቹ ተማሪዎች ጽሑፍ በ1999 ታትሞ ወጣ፤ በ2007 ደግሞ ታሪኩ ፊልም ሆነ። ባልደረባዬ ፊልሙን በስልኩ አሳየኝ። በፊልሙ ላይ መምህርቷ ወለሉ ላይ መስመር አስምራ፣ «ጓደኛ የሞተበት ወደ መስመሩ ይምጣ» የምትልበት ክፍል አለ። ለእነርሱ ጠቅሞ ይሆናል፤ እኔ ግን በእኔ ክፍል ይህን ላለማድረግ ወዲያው ወሰንሁ። በእኛ ባህል ሐዘን የሚወጣበት ቤት፣ ሰዓትና ሰው አለው፤ ልጅን በ62 ሰዎች ፊት ቁስልህን አሳይ ማለት አልታየኝም። እርሷ ተጨማሪ ሥራ እየሠራች ለተማሪዎቿ መጻሕፍት ገዝታ ነበር፤ እኔ ለ63 ልጅ መጽሐፍ የምገዛበት አቅም አልነበረኝም። ሐሳቡን ግን ወሰድሁት።

የአና ፍራንክ ማስታወሻ «የአና ማስታወሻ» ተብሎ በአማርኛ ተተርጉሟል። አንድ ሽፋኑ የተገነጠለ ቅጂ ፒያሳ ካሉት አሮጌ መጻሕፍት ሻጮች ዘንድ አገኘሁ። ክፍሉ በሙሉ የነበረው መጽሐፍ ያ አንድ ቅጂ ብቻ ነው። በሳምንት ካሉኝ ክፍለ ጊዜያት ውስጥ አንዱን ለዚሁ ለየሁ፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነብላቸዋለሁ፤ ከተነበበው ውስጥ ስምንት ወይም አሥር መስመር መርጬ ሰሌዳው ላይ እጽፋለሁ፤ እነርሱ ደብተራቸው ላይ ይገለብጡታል። በዓመቱ መጨረሻ እያንዳንዱ ልጅ በራሱ እጅ የጻፈው የመጽሐፉ ቅንጫቢ ነበረው።

መጀመሪያ ላይ ስለ ጦርነትም፣ ስለ አይሁዶችም፣ ስለ ጀርመንም አልነገርኋቸውም። አንዲት የእናንተ እኩያ ልጅ አሥራ ሦስተኛ ዓመቷን ስትይዝ ማስታወሻ ደብተር ተሰጣት፤ ደብተሩንም እንደ ጓደኛ ቆጥራ «ኪቲ» ብላ ስም አወጣችለትና የልቧን ትነግረው ጀመር አልኋቸው። ከዚያ በሁለተኛው ሳምንት ቤተሰቡ በሐምሌ 1942 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አምስተርዳም ውስጥ አባቷ በሚሠራበት ሕንፃ የኋላ ክፍል ለመደበቅ መገደዱን፣ መግቢያው በመጻሕፍት መደርደሪያ መሸፈኑን፣ ስምንት ሰዎች በዚያች ጠባብ ቦታ ሁለት ዓመት ያህል መኖራቸውን ነገርኋቸው። ከታች ሠራተኞች ስለሚውሉ ቀን ቀን በካልሲ ይራመዱ፣ በሹክሹክታ ይነጋገሩ፣ በሥራ ሰዓት የመጸዳጃ ቤት ውኃ እንኳ አይለቁም ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንዲባል እፈልጋለሁ። «ምን ተሰማችሁ?» ብዬ አልጠየቅሁም። ይህ ጥያቄ የተጎዳን ልጅ ይዘጋዋል፤ ያልተጎዳውን ደግሞ እንዲያስመስል ያደርገዋል። የጠየቅሁት፣ «ቀን ቀን ውኃ ከለቀቁ ምን ይመጣባቸዋል?» የሚል ተራ ጥያቄ ነው። በግድግዳው በኩል ያለው ልጅ፣ ያ በጥቅምት የተነሣው፣ «ድምፁ ይሰማል» አለ። ጥቂት ዝም ካልን በኋላ አንዲት የከተማ ልጅ እጇን አወጣችና፣ «እኛም ቡና አንወቅጥም ነበር፤ የሙቀጫው ድምፅ ይሰማል ብላ እማዬ ከልክላ ነበር» አለች። ቡና ሳይወቀጥ የዋለበትን የወሎ ቤት ማሰብ ለማናችንም ከባድ አልነበረም። ከዚያ ከኋላ፣ ከመስከረም ጀምሮ አንድም ቃል ተናግራ የማታውቀዋ ልጅ፣ ያችው ጭንቅላቷን ደፍታ የነበረችው፣ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እኛ ውሻችንን አስረን ትተነው ነው የሄድነው፤ ጫካ ውስጥ ይጮህብናል ብለን» አለች። ክፍሉ ጸጥ አለ። ከመስኮቱ በኩል ያለችው ባለ ሙቀጫዋ ልጅ ወደ ኋላ ዞራ፣ «ከዚያስ? ውሻው?» ስትል ጠየቀቻት። «አላውቅም» አለች። በዚያ ክፍል ውስጥ ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ጥግ ሲጠየቅ የሰማሁት የመጀመሪያው ጥያቄ ስለዚያ ውሻ ነበር። እኔ በዚያን ቀን ተጨማሪ ቃል አልተናገርሁም፤ ደወሉ እስኪደወል ሰሌዳው ላይ ያለውን ገለበጡ።

ሁሉም ሳምንት እንዲህ የከበደ አልነበረም። አና አንዲት ጠባብ ክፍል ከአንድ በእድሜ የገፋ የጥርስ ሐኪም ጋር ትጋራ ስለነበር በጽሕፈት ጠረጴዛዋ ምክንያት ትጨቃጨቅ ነበር። ይህን ሳነብ የግድግዳ በኩል ልጆች በሳቅ ፈነዱ፤ ለአራት የተከራዩአት ቤት ያለችው ጠረጴዛ አንዲት ናትና። በማግስቱ የጠረጴዛ ተራ የሚል የሰዓት ሰንጠረዥ ሠርተው ግድግዳቸው ላይ መለጠፋቸውን ነገሩኝ። አንዲት የከተማ ልጅም ከታናሽ እህቷ ጋር በአንድ አልጋ እንደምትተኛ ያን ቀን ስትናገር፣ የከተማ ልጅ ሁሉ የራሱ ክፍል ያለው የሚመስላቸው የገጠር ልጆች ተገረሙ።

መጨረሻውን ሆን ብዬ አዘገየሁት። «ተረፈች?» እያሉ በየኮሪደሩ ይጠይቁኝ ነበር። የገና በዓል ከመድረሱ በፊት በነበረው ሳምንት፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በነሐሴ 4 ቀን 1944 መያዛቸውን፣ አና በ1945 በበርገን ቤልዘን የእስረኞች ማጎሪያ መሞቷን፣ ከስምንቱ የተረፈው አባቷ ብቻ መሆኑን፣ ማስታወሻዋንም ከጦርነቱ በኋላ በ1947 እርሱ እንዳሳተመው ነገርኋቸው። ወዲያው የመጣው ጥያቄ፣ «ማን አጋለጣቸው?» የሚል ነበር። እስከ ዛሬ በእርግጠኝነት አለመታወቁን ስነግራቸው ደስ አላላቸውም። «እንዴት አይታወቅም?» አለችኝ፣ «ማን እንደወሰደው እናውቃለን» ያለችው ልጅ። ብዙ ዓመት ብዙ ሰው እንደመረመረው፣ የተጠረጠሩም እንደነበሩ፣ ነገር ግን የተረጋገጠ ነገር እንዳልተገኘ አስረዳኋት። ዝም አለች፤ ስለ ራሷ ቤት ያኔም ሆነ ከዚያ በኋላ አላነሣሁባትም።

ከዚያ በኋላ ጥያቄውን ራሴ ቀየርሁት። እነዚያ ስምንት ሰዎች ሁለት ዓመት ያህል ምን በልተው ኖሩ? የሚያበሏቸው የቢሮው ሠራተኞች ነበሩ፤ ከመካከላቸው ሚፕ ጊስ የምትባለው ሴት ናት በኋላ የአናን ወረቀቶች ከወለሉ ላይ ሰብስባ በጠረጴዛዋ ኪስ ያስቀመጠችው። የመጀመሪያውን የጽሕፈት ሥራ የሰጠሁትም በዚህ ላይ ነው፤ ርእሱ «ያበላን ሰው» የሚል ነበር። ስለ ክፉ ቀን ጻፉ ብላቸው ኖሮ እንደገና የክስ ወረቀት ይሞላ ነበር። ስለ አበላቸው ሰው ሲጽፉ ግን ከኩታበር የመጣው ልጅ ከደሴ ለሸሹ ሰዎች እናቱ ሌሊት እንጀራ ስትጋግር ማደሯን፣ የከተማዋ ልጅ ደግሞ መንገድ ላይ ስሟን በማታውቃት የገጠር ሴት ቤት ሦስት ቀን መሰንበቷን ጻፉ። ሁለቱ ጽሑፎች ተከታትለው ሲነበቡ እኔ የምጨምረው ነገር አልነበረም።

ስለ ማንበብ ችሎታውም ልናገር፤ መምህር የሆነ ሰው የሚጠይቀኝ ይህን ነውና። ማንንም ድንገት ተነሥተህ አንብብ አላልሁም። ደካማ ለሆኑት አንባቢዎች በሚቀጥለው ሳምንት የሚያነቡትን አምስት መስመር አስቀድሜ እሰጣቸዋለሁ፤ ቤታቸው ደጋግመው ተለማምደው ይመጣሉ፤ ተራቸው ሲደርስ እንደ ማንኛውም ልጅ ቀጥ ብለው ያነባሉ። ለአንድ ልጅ አምስት መስመር ሳይደናቀፍ በጓደኞቹ ፊት ማንበብ ምን ማለት እንደሆነ ያላየ ሰው አይረዳውም። አንባቢና ደካማ አንባቢን ማጣመር የጀመርሁት ከአምስተኛው ሳምንት በኋላ ነው፤ ጥንዶቹም ከተለያየ ጥግ ነበሩ። በመጀመሪያው ሳምንት ባደርገው ኖሮ ወንበሩን ይቀያየሩ ነበር እንጂ አይነጋገሩም ነበር። ከአሥራ ሰባቱ ውስጥ አሥራ ሁለቱ በሰኔ አንድ ገጽ አንብበው ያነበቡትን መልሰው መናገር ችለዋል። አምስቱ ጋ አልደረስሁም፤ ከእነርሱ ሁለቱ ዓይናቸው መታየት እንደነበረበት ያወቅሁት ዘግይቼ ነው፤ ዛሬ መስከረም ላይ የመጀመሪያው ሥራዬ ከሰሌዳው ርቆ ማን እንደሚያይ ማረጋገጥ ነው።

በጥር የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ውጤት ተነገረ። ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉት ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው በዜና ሲሰማ ክፍሌ ውስጥ የነበረው ስሜት እንደ ሐዘን ቤት ነበር። «ቲቸር፣ እንግዲህ ለምን እንማራለን?» አለኝ አንዱ። መልስ አልነበረኝም። ሁለት የገጠር ልጆች በዚያው ሳምንት ዕቃቸውን ጠቅልለው ወደ ቤታቸው ሄዱ፤ አንደኛውን ጓደኞቹ መልሰው አመጡት፤ ሌላው አልተመለሰም።

ምናልባት ከዚያ ተስፋ መቁረጥ የተነሣ ሊሆን ይችላል፣ ከየካቲት ጀምሮ የተለየ ነገር ሞከርሁ። መጽሐፍ የሌለበት ቤት ሁሉ ሥነ ጽሑፍ የሌለበት ቤት አይደለም። ወሎ እንኳን ለግጥም፣ ለዜማው ቅኝት አምባሰልና ባቲ ብሎ የቦታ ስም ያወጣ አገር ነው። እናቶቻችሁ፣ አያቶቻችሁ ሲፈጩ፣ ቡና ሲያፈሉ፣ ሲያለቅሱ የሚሉትን ቃል ግጥም ጠይቃችሁ አምጡ አልኋቸው፤ ከግጥሙ ሥር ማን እንዳለው፣ የት እንደተባለ፣ መቼ እንደሚባል እንዲጽፉም አዘዝሁ። ፊደል የማያውቁ እናቶች የልጆቻቸው የቤት ሥራ ምንጭ ሆኑ።

ከአሥራ ሰባቱ ደካማ አንባቢዎች አንዱ የአያቱን አሮጌ ደብተር ይዞ መጣ። ጽሕፈቱ በዐረብኛ ፊደል ነበር። ልጁ ቁርኣን ቤት አድጓልና ደብተሩን ገልጦ ሳይደናቀፍ ያነብ ጀመር፤ ከአፉ የሚወጣው ግን ጥርት ያለ የአማርኛ መንዙማ ነበር። እንደ ሼህ ጦልሃ ጃዕፈር ያሉ የወሎ ዑለማዎች አማርኛን በዐረብኛ ፊደል ይጽፉ እንደነበር እኔ በመጽሐፍ አውቀዋለሁ፤ ልጆቹ ግን ባዩት ነገር አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። ማንበብ አይችልም ተብሎ የነበረው ልጅ በክፍሉ ውስጥ ማንም የማይችለውን ያነብ ነበር። እኔም አንድ ልጅ ማንበብ አይችልም ከማለቴ በፊት በየትኛው ፊደል ብዬ መጠየቅ እንዳለብኝ ያን ቀን ገባኝ። ከዚያ ወዲያ የግእዙን ፊደል በአያቱ መንዙማ አስጠናሁት፤ ቃሉን በቃሉ ያውቀዋልና ዓይኑ በፍጥነት ተከተለ።

ከወለጋ የመጡት ልጆች መጀመሪያ፣ «እኛ የዚህ አገር ግጥም አናውቅም» ብለው ነበር። ይሁንና ብዙዎቹ የወሎ ሰዎች የልጅ ልጆች ናቸው። በ1977 ድርቅ ጊዜ ደርግ ከወሎ፣ ከሸዋና ከትግራይ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ አስፍሯል፤ ከሰፈሩበትም አንዱ ወለጋ ነው። ያቺ ውሻዋን የተወችው ልጅ ከአያቷ ያመጣችው ግጥም ይህ ነበር፤

ዞሬ አላየሁትም ሳልወድ በግድ ስለቀው፣
ጉም ለብሶ ነበረ ጦሳ እንዳልናፍቀው።

ጦሳ ከክፍላችን መስኮት የሚታየን ተራራ ነው። ልጅቷ ግጥሙን ስታነብ ሁሉም ወደ መስኮቱ ዞሩ። የግድግዳ በኩል ልጅ፣ ያ እናቱን በቃሬዛ የተሸከመው፣ ድንገት ተነሥቶ፣ «ይህን እኮ እኛ ቤት ይሉታል!» አለ። በእነርሱ ቤት «አገሬን ስለቀው» ነው የሚባለው። አያቱ በሰፈራ ስለሄደች እህታቸው ሲያነሡ ያንጎራጉሩት እንደነበር በሚቀጥለው ስንቅ ሲያመጣ ጠይቆ መጣ። ሁለቱ ልጆች እስከ ዓመቱ መጨረሻ ድረስ ዘመድ ሳንሆን አንቀርም እያሉ የዘር ሐረግ ሲቆጥሩ ነበር፤ ይሁኑ አይሁኑ አልተረጋገጠም።

ከሌላ ተማሪ እናት የተገኘች አንዲት ግጥምም ልጨምር፤ ይህችኛዋ ገና ትናንት የተገጠመች ናት፤

ቁልፉን ይዤዋለሁ ባንገቴ አስሬ፣
ምን ሊከፍትልኝ ነው ቤት የለኝም ዛሬ።

ይህን የመሰለ ሥራ መጀመር ለሚፈልግ መምህር ሁለት ጥንቃቄዎች አሉኝ። ልጆቹ እንደ አና የየራሳቸውን የግል ማስታወሻም ይጽፉ ነበር፤ ደብተሮቹን የማስቀምጠው በሚቆለፍ ቁም ሳጥን ውስጥ ነበር፤ እኔም የማነበው ልጁ ገጹን ሳያጥፍ የተወውን ብቻ ነው፤ የታጠፈ ገጽ አይነበብም። ይህን ቃል አንድ ጊዜ እንኳ ያፈረሰ መምህር ዳግመኛ የሚታመን አይመስለኝም። ማስታወሻውን በነጥብ አልመዝነውም፤ የፊደል ስህተቱንም በቀይ አላርምም፤ ለፊደሉ ሌላ ክፍለ ጊዜ አለው። ሁለተኛው ጥንቃቄ ከባድ ነው። ልጅ አምኖ ሲጽፍ አንዳንድ ጊዜ መምህር ብቻውን ሊሸከመው የማይችለውን ይጽፋል። እኔ ሁለት ጊዜ ደርሶብኛል። መጀመሪያ ላይ ምስጢር ጠብቄ ዝም ልል አስቤ ነበር፤ ስህተት ነበር። ስለዚህ አስቀድሜ፣ አንድ ልጅ አደጋ ላይ ከሆነ ለሚረዳ ሰው እንደምናገር፣ ከመናገሬ በፊት ግን ለራሱ እንደምነግረው ለክፍሉ በግልጽ ማሳወቅ ጀመርሁ። አንደኛዋን ተማሪ ራሴ ወደ ሆስፒታል ይዣት ሄጃለሁ።

በሰኔ ያን ዓመት የተሰበሰቡትን ግጥሞች ልጆቹ በጥሩ እጅ ጽሕፈት ገልብጠው በአንድ ትልቅ መዝገብ ጠረዙት፤ 41 ግጥም ነበር። በመጨረሻው ሳምንት ከእናቶችና ከአያቶች የቻሉ እንዲመጡ ጠራናቸው። ሃያ ያህል መጡ። የዚያች ውሻዋን የተወችው ልጅ አያትም ነጠላቸውን አጣፍተው በምርኩዝ መጡና በመጨረሻው ወንበር ተቀመጡ። ግጥማቸው ተራው ሲደርስ ያነበበው ያ የግድግዳ በኩል ልጅ ነበር፤ ልማዱ ሆኖበት «አገሬን ስለቀው» ብሎ አነበበ።

«እንዲህ አይደለም፣ የኔ ልጅ» አሉ እማማ። «ሳልወድ በግድ ነው። ወድጄማ አልወጣሁም።»

ልጁ ደንግጦ ይቅርታ ጠየቀ። «አብሽር፣ ምን አጠፋህ? እነዚያ የቀሩት እንዳንተ ነው የሚሉት» አሉትና የማን ልጅ እንደሆነ፣ አገሩ የት እንደሆነ ጠየቁት። ሲነግራቸው የቀበሌውን ምንጭ በስሙ ጠሩት፤ አሁንም ይፈልቅ እንደሆነ ጠየቁት። ይፈልቃል አላቸው። መዝገቡ ላይ ሁለቱንም አባባል፣ አንዱን ከሌላው ሥር፣ እንዲጽፍ ነገርሁት።

መዝገቡ ዛሬ በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት አለ፤ በ2016 የገቡት ዘጠነኛ ክፍሎች 26 ግጥም ጨምረውበታል። የማስታወሻ ደብተሮቹን ለየባለቤቶቻቸው መልሻለሁ። ሦስቱ ግን አሁንም ቁም ሳጥኑ ውስጥ ናቸው፤ ልጆቹ በሚቀጥለው ዓመት አልተመዘገቡም፤ አንደኛዋ ከቤተሰቧ ጋር ከመጠለያው ወጥታለች፤ ወዴት እንደሄዱ ጎረቤቶቿም አላወቁም። የታጠፉትን ገጾቻቸውን አልከፈትሁም። መጥተው ቢጠይቁ በቀላሉ እንዲገኙ ከሁሉም በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ ለብቻ አስቀምጫቸዋለሁ።